175፦ ሽጉጡን የለወጠው ቁጥር

በካሊፎርኒያ፣ ከሎስ አንጀለስ በስተምሥራቅ ባሉት የሳን በርናርዲኖ ተራሮች ላይ ቢግ ቤር ሌክ የምትባል ሐይቅ ዳር የተቆረቆረች ትንሽ ከተማ አለች። በ1950ዎቹ አጋማሽ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) እዚያ “ሌዘርስላፕ” የሚባል የሽጉጥ ውድድር ተጀመረ። ጨዋታው ቀላል ነው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ይቆማል። ስድስት ሜትር ተኩል ያህል ራቅ ብሎ፣ ወርዳቸው ግማሽ ሜትር የሚጠጋ ፊኛዎች ተደርድረዋል። ምልክቱ ሲሰጥ ሁለቱም ከወገባቸው ይመዛሉ። ፊኛዎቹን ቀድሞ ያፈነዳ ያልፋል፤ የዘገየ ይሰናበታል።

ጊዜው የካውቦይ ፊልም የነገሠበት ነበር። አብዛኛው ተወዳዳሪ በሲኒማ እንዳየው በአንድ እጁ፣ ከወገቡ ከፍ ሳያደርግ፣ ሳያነጣጥር ይተኩሳል። ያን የሚያህል ፊኛ በዚያ ርቀት የሚሳት አይመስልም፤ ግን ይሳታል፣ ያውም በብዛት። ጥይታቸውን ጨርሰው እንደገና ለማጉረስ ሲንደፋደፉ ፊኛው እንዳለ ይጠብቃቸዋል። በ1959 ጃክ ዊቨር የሚባል የሎስ አንጀለስ ካውንቲ ምክትል ሸሪፍ ሌላ ነገር ይዞ መጣ። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ኬ-38 ሪቮልቨሩን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ እስከ ዓይኑ ከፍ አድርጎ፣ ማነጣጠሪያውን አይቶ ይተኩስ ጀመር። በቅጽበት ያህል ዘገየ፤ ግን አልሳተም። አሸነፈም።

ይህን ሁሉ በጥሞና ሲከታተል የነበረው የውድድሩ አዘጋጅ ጄፍ ኩፐር ነው። ኩፐር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የማሪን መኮንን የነበረ፣ ታሪክ ያጠና፣ ሐሳቡን በጽሑፍ ማስፋፋት የሚያውቅበት ሰው ነበር። የዊቨርን አቋቋም በመጽሔት ጽሑፎቹ አስተዋወቀው፤ “የዊቨር አቋቋም” የሚለውም ስም በዚያው ጸና። ዛሬ ፖሊስም ወታደርም ሽጉጥ በሁለት እጅ ሲይዝ ማየት እንግዳ አይደለም። ከዊቨር በፊት ግን ሽጉጥ የአንድ እጅ መሣሪያ ነበር፤ በኦሊምፒክ የሽጉጥ ውድድር እስከ ዛሬም እንዲሁ ነው።

ኩፐር የራሱ ሃይማኖት የሚመስል እምነት ነበረው። የሽጉጥ ውድድር እውነተኛ ፍልሚያን ካልመሰለ ዋጋ የለውም ይል ነበር። ፍልሚያ ደግሞ በእሱ ዓይን ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ትክክለኛነት፣ ኃይል፣ ፍጥነት። ሦስቱን በላቲን “ዲሊጄንሺያ፣ ቪስ፣ ሴለሪታስ” ብሎ መፈክር አደረጋቸው። ለትክክለኛነቱ የወረቀት ዒላማ አለ፤ ለፍጥነቱ የሩጫ ሰዓት አለ። ችግሩ ኃይሉ ላይ ነው። ፊኛ ሲፈነዳ በምን ጥይት እንደተመታ አይናገርም። ደንብ ከሌለ ደግሞ ተወዳዳሪው ሁሉ እጅ የማይረግጥ ቀላል ጥይት ይዞ መምጣቱ አይቀርም። ኩፐር የማይታገሠው ይህን ነው። ለእሱ ሽጉጥ ማለት ጆን ብራውኒንግ የነደፈው፣ የአሜሪካ ጦር በ1911 የተቀበለውና እስከ 1985 ዋና ሽጉጡ አድርጎ የያዘው ባለ 45 ካሊበር ኮልት ነበር። ዘጠኝ ሚሊ ሜትሩን እምብዛም ከቁም ነገር አይቆጥረውም።

መፍትሔው ኃይልን በቁጥር መመዘን ሆነ። መጀመሪያ ላይ አረሩ መትቶት ምን ያህል እንደሚያወዛውዘው የሚታይበት ተንጠልጣይ መለኪያ ይጠቀሙ ነበር፤ በኋላ የአረርን ፍጥነት የሚለካው ክሮኖግራፍ ተተካ። ስሌቱ በአንድ መስመር ያልቃል፦ የአረሩ ክብደት በግሬይን፣ ሲባዛ በፍጥነቱ ጫማ በሰከንድ፣ ሲካፈል ለ1,000። ውጤቱ “ፓወር ፋክተር” ይባላል። በአሜሪካ ለረጅም ጊዜ 175 የደረሰ ጥይት “ሜጀር” ሲባል ቆየ፤ ከዚያ በታች ያለው “ማይነር” ነው። ሁለቱም የዒላማውን መሀል ከመቱ እኩል 5 ነጥብ ያገኛሉ። ከመሀል ሲወጡ ግን ሜጀሩ 4 ሲያገኝ ማይነሩ 3፣ ጠርዝ ላይ ደግሞ ሜጀሩ 2 ሲያገኝ ማይነሩ 1 ብቻ። ነጥቡ ተደምሮ ለፈጀው ሰከንድ ይካፈላል። እየሮጡ ለሚተኩሱ ሰዎች አንዷ ነጥብ ቀላል አይደለችም።

በግንቦት 1976 ከተለያዩ አገሮች የመጡ ተኳሾች በሚዙሪ፣ ኮሎምቢያ ከተማ ተሰብስበው ዓለም አቀፉን የተግባራዊ ተኩስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠርቱ ኩፐር የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ዙሪክ ላይ በተደረገው የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ያሸነፈው ሬይ ቻፕማን ከቢግ ቤር ዘመን ጀምሮ የኩፐር ባልንጀራ ነበር። በ1977 ውድድሩ ወደ አፍሪካ መጣና ሳልዝበሪ፣ የዛሬዋ ሐራሬ ላይ ሲካሄድ፣ ዋንጫውን የሮዴዢያው ዴቭ ዌስተርሃውት ወሰደው። እስከዚህ ድረስ ኩፐር የተመኘው እየሆነ ይመስል ነበር።

አሁን ጥይት ወደሚሞላበት ጠረጴዛ እንምጣ፤ በእኔ አስተያየት የዚህ ታሪክ ዋና ተዋናይ እሱ ነውና።

ተግባራዊ ተኩስን የያዘ ሰው ጥይት ገዝቶ አይዘልቀውም። በልምምድ ብቻ በዓመት በአሥር ሺዎች ይተኮሳል። ስለዚህ ጋራዡ ውስጥ አንድ ጠንካራ ጠረጴዛ ይተክልና ቀለሁን መልሶ ይሞላል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጥይት ከአሞሌ ጨውና ከማርያ ቴሬዛ ብር ጎን ለጎን መገበያያ እንደነበር የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ አይገርመውም፤ ቀለህ መሬት ላይ ጥሎ የሚሄድ ባለ ጠጋ ብቻ ነው። ጥይት አራት ነገር ነው፦ ቀለህ፣ ከስሩ የምትቀመጠው እሳት ጫሪዋ ፕራይመር፣ ባሩዱ እና አረሩ። ሲተኮስ ሦስቱ ያልቃሉ፤ ናሱ ቀለህ ይተርፋል። መሀሉ ላይ የሚመታው ቀለህ ብዙ ጊዜ ይሞላል። የ22 ካሊበሩ ግን እሳት ጫሪው በቀለሁ ጠርዝ ውስጥ የታሸገ ስለሆነ አንዴ ከተተኮሰ ለምንም አይጠቅምም። የኦሊምፒክ የፈጣን ተኩስ ሽጉጥ ተወዳዳሪዎች ከዚህ ጠረጴዛ የራቁትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ቀለሁ መጀመሪያ ይታጠባል። ከዚያ ተኩሱ ያሰፋው ወገቡ በብረት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ተጨምቆ ወደ ልኩ ይመለሳል፤ በዚያው ምት አሮጌዋ ፕራይመር ትወጣለች። አዲሷ ትገባለች፤ አፉ ትንሽ ከፈት ይደረጋል፤ ተመዝኖ የተወሰነ ባሩድ ይወርድለታል፤ አረሩ ከላይ ተቀምጦ በልክ ይጫናል፤ በመጨረሻ አፉ ጠበብ ይደረጋል። ድሮ ይህ ሁሉ አንድ በአንድ ነበር የሚሠራው። በ1980ዎቹ የአሪዞናው ማይክ ዲሎን ለግለሰብ ኪስ የሚቀርቡ ባለ ብዙ ደረጃ ማሽኖች ገበያ ላይ ሲያወርድ፣ እጀታው አንዴ በተሳበ ቁጥር አንድ ያለቀለት ጥይት ሳጥን ውስጥ ጠብ ይል ጀመር። አንድ ምሽት ላይ ብዙ መቶ ጥይት መሙላት የሚቻል ሆነ። ሥራው ግን ሐሳብ መበተንን አይወድም። ባሩድ ሁለቴ የወረደበት ቀለህ ሽጉጥ ይፈነቅላል፤ ምንም ያልወረደበት ደግሞ አረሩን በርሜል መሀል አስቀርቶ ቀጣዩ ጥይት ከኋላው እንዲመጣበት ያደርጋል። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው አረሩን ከማስቀመጡ በፊት ቀለሁ ውስጥ በዓይኑ ያያል፤ በየጥይቱ፣ ሁልጊዜ።

በዚህ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሰው የኩፐርን ስሌት ከማንም በላይ ያውቀዋል። ስሌቱ ክብደትና ፍጥነት ሲባዙ 175 ይምጣ ይላል እንጂ ጥይቱ የግድ 45 ካሊበር ይሁን አይልም። 200 ግሬይን አረር ያለው 45 በሰከንድ 875 ጫማ ከሄደ 175 ሞላ። 115 ግሬይን የምትመዝን ቀጭን አረር ደግሞ በ1,522 ጫማ ከተወረወረች እሷም 175 ሞላች። እኩል ሜጀር ናቸው።

ያቺን ቀጭን አረር በዚያ ፍጥነት ሊወረውር የሚችል ቀለህ ደግሞ አልጠፋም። ኮልት በ1929 ያወጣው .38 ሱፐር ነበር። በአሜሪካ ወንበዴዎች ዘመን የመኪና ቆርቆሮ ይበሳል ተብሎ ተወርቶለት፣ በኋላ ተረስቶ፣ በዋናነት የጦር ካሊበር ለሲቪል በተከለከለባት በሜክሲኮ ነፍሱን ያቆየ ጥይት ነው። ዒላማ ላይ ይበትናል የሚል ስምም ነበረበት፤ ኢርቭ ስቶን የሚባል በርሜል ሠሪ ቀለሁ በጠርዙ ፈንታ በአፉ እንዲቀመጥ አድርጎ ሲሠራለት ያ ስም ተነሣ። ፋብሪካ የሚሠራው .38 ሱፐር 130 ግሬይን በ1,215 ጫማ ገደማ ነው፤ ሲሰላ 158 ይመጣል፣ ማይነር። ወደ 175 የሚያደርሰው የሱቅ መደርደሪያ ሳይሆን የጋራዡ ጠረጴዛ ብቻ ነበር።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ የአሪዞናዎቹ ሮብ ሌተምና ብራያን ኢኖስ ወደ .38 ሱፐር ሲዞሩ ጥቅሙ ካዝናው ከሚይዘው አንድ ሁለት ተጨማሪ ጥይት የሚያልፍ ነበር። ቀላል አረርን ለማፍጠን ብዙ ባሩድ ይፈጃል፤ ብዙ ባሩድ ብዙ ጋዝ ይወልዳል። በበርሜሉ አፍ ላይ ወደ ሰማይ የተቀደደ “ኮምፐንሴተር” ሲገጠም ያ ጋዝ ወደ ላይ ይተነፍስና አፈሙዙን ወደ ታች ይጫነዋል። በ45ቱ ላይ ሲገጠም ጋዙ ስለሚያንስ ያን ያህል አይረዳም። በ.38 ሱፐሩ ላይ ግን ማነጣጠሪያው ከዒላማው ብዙም ሳይነሣ ሁለተኛው ጥይት ይወጣል። የኩፐር ደንብ ሰውን ከባድ ርግጫ እንዲችል ሊያስገድደው የወጣ ነበር፤ ርግጫውን የሚያጠፋው መሣሪያ የተወለደው ከዚያው ደንብ ነው። ሌተም በ1983 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1986ም፣ በ1988ም ደገመው።

ዕዳም ነበረው። የብራውኒንግ ሽጉጥ በርሜል ከኋላው፣ ጥይቱ በሚገባበት መወጣጫ በኩል፣ የቀለሁን ሆድ ጥቂት ክፍት ይተወዋል። ለዝግተኛው 45 ይህ አያሳስብም። የግፊቱ ልክ ባለፈ .38 ሱፐር ግን ቀለሁ በዚያው በኩል ይተረተርና ትኩስ ጋዝና የናስ ብናኝ ወደ ተኳሹ ፊት ይረጫል። ለዚህ ስም እስከ ማውጣት ደርሰው ነበር፤ “ሱፐር ፌስ” ይሉታል። መነጽር የብዙዎችን ዓይን አተረፈ። በርሜል ሠሪዎች ያን ክፍተት የሚደፍን መወጣጫ በርሜሉ ላይ መሥራት የጀመሩት ከዚህ በኋላ ነው። ልብ ይበሉ፤ ተኳሹ ጥይቱን አስቀደመ፣ ሽጉጡ ተከተለ። አዲስ ሽጉጥ የሚመርጥ ሰው ከሱቅ መስኮት ይጀምራል የሚለው ልማድ እዚህ ሰፈር ተገልብጦ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ነው። እጀታቸው ሰፍቶ ጥይት በሁለት ረድፍ የተደረደረበት ካዝና የሚይዙ ሽጉጦች መጡ፤ ፓራ ኦርድናንስ የሚባለው ኩባንያ በ1980ዎቹ መገባደጃ፣ ሽጉጥ ሠሪዎቹ ቨርጂል ትሪፕና ሳንዲ ስትሬየር በ1990ዎቹ መጀመሪያ። በ1990 አደሌይድ፣ አውስትራሊያ ላይ ዳግ ኮኒግ .38 ሱፐሩ ላይ ቀይ ነጥብ የምታሳይ የኤሌክትሮኒክ ማነጣጠሪያ ሰክቶ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ብረት ማነጣጠሪያ ይዘው የመጡ የዚያን ቀን ዘመናቸው እንዳለፈ ገባቸው። እነዚህን ሽጉጦች ማንም በወገቡ ደብቆ ከቤቱ አይወጣም፤ የእሽቅድምድም መኪናን ለገበያ መላላኪያ እንደ መጠቀም ነው። ኩፐር ይህን ሲያይ የደረሰበትን ብስጭት አልሸሸገም፤ ጨዋታ ሆነ ብሎ ጻፈ። እውነቱን ነበር፤ ጨዋታ ሆኗል። ለእኔ ግን ጥፋቱ በተኳሾቹ ላይ ብቻ የሚጣል አልመሰለኝም። ኃይልን የሚያህል ረቂቅ ነገር በአንድ ቁጥር ከተለካ፣ ሰው የሚያሳድደው ቁጥሩን ነው።

ቁጥሩን ማሳደድ ምን እንደሚመስል ለማየት ትልቅ ውድድር ላይ የክሮኖግራፉ ጠረጴዛ ዘንድ መቆም ይበቃል። ዳኛው ከተወዳዳሪው 8 ጥይት ይወስዳል። አንዱን በመዶሻ መሰል መሣሪያ መትቶ አረሩን ይነቅልና ሚዛን ላይ ያኖራል። ከቀሩት ጥቂቱን በተወዳዳሪው በራሱ ሽጉጥ እየተኮሰ ፍጥነታቸውን ይመዘግባል። ከሜጀር ጥቂት ቢጎድል ተወዳዳሪው በጠቅላላው ውድድር ማይነር ይሆናል፤ ከማይነርም በታች ከወረደ ቢተኩስም ነጥቡ አይያዝለትም። አብዛኛው ዓይነት ባሩድ በብርድ ቀን ዝግ ይላል። በሞቃት አገር ልኩን ጫፍ ለጫፍ ሞልቶ፣ ተራራማ ብርድ አገር የመጣ ሰው ከዚህ ጠረጴዛ ሲመለስ ፊቱ ያስታውቃል። ብልሆቹ ትንሽ አትርፈው ይሞላሉ።

አወዳዳሪዎቹ በስተኋላ ውድድሩን በምድብ ከፋፈሉት። ሁሉ የተፈቀደለት “ኦፕን” ለቀይ ነጥብና ለኮምፐንሴተር ተተወ። ብረት ማነጣጠሪያ ያላቸው የራሳቸውን ምድብ አገኙ፤ በ1990 ገበያ የወጣው .40 ስሚዝ ኤንድ ዌሰንም ሜጀር ለመሙላት ስለሚመች እዚያ ተቀባይነት አገኘ። በአሜሪካ ሜጀሩ ራሱ ከ175 ወደ 165 ዝቅ ተደረገ። ከፋብሪካ እንደወጣ ለሚተኩሱት “ፕሮዳክሽን” ሲከፈት ደግሞ ሁሉም ጥይት በማይነር እንዲቆጠር ተወሰነ። ትርፍ ኃይል ትርፍ ነጥብ ካላመጣ ማን ይሸከመዋል? ኩፐር የናቀው ዘጠኝ ሚሊ ሜትር፣ በግሎክና በሲ ዜድ ሽጉጦች፣ ምድቡን ወረሰው። ዛሬ ወደዚህ ስፖርት ገብቶ የመጀመሪያ ሽጉጡን ለሚመርጥ ሰው የሚሰጠው ምክርም በአብዛኛው ይኸው ነው፦ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር፣ ከእጅህ ጋር የሚስማማ እጀታ፣ ቀሪውን ገንዘብ ለጥይት።

አሮጌው የ1911 ኮልትም አልተጣለም። በአሜሪካ “ሲንግል ስታክ” የሚባል ምድብ አለው። እዚያ ሜጀር የሚተኩስ በካዝናው 8 ጥይት ብቻ ይዞ ይሰለፋል፤ ማይነር የመረጠ 10 ይፈቀድለታል። በየመተኮሻው ቦታ ስንት ዒላማ እንዳለ፣ ካዝና ስንቴ እንደሚለወጥ እየቆጠረ ተወዳዳሪው የቱን እንደሚሞላ የሚወስነው ከውድድሩ ሳምንታት አስቀድሞ፣ እዚያው ጋራዥ ውስጥ ነው።