ድንበርና ሴት፦ «መደፈር» በሚለው ቃል ላይ የቀረበ አጭር ታሪካዊ ምልከታ

«ደፈረ» የሚለው ግሥ በአማርኛ ሰፊ ስፍራ አለው። ጀግና ጠላቱን ይደፍራል፤ ወራሪ ድንበር ይደፍራል፤ ወንበዴ ቤት ይደፍራል፤ ሴትም ትደፈራለች። በመጀመሪያው ቃሉ ሙገሳ ነው፤ በቀሩት ግን በደልን ያመለክታል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ላነሣው የምፈልገው ጥያቄ የሚከተለው ነው። ድንበር ሲደፈር ተበዳዩ መሬቱ ሳይሆን ባለመሬቱ ነው። ሴት ስትደፈርስ ተበዳዩ ማን ነው?

በልጅነቴ በደብረ ታቦር አካባቢ አንዲት የጎረቤታችን ልጅ ውኃ ልትቀዳ እንደወጣች ተጠለፈች። ጥቂት ቀናት ቆይቶ ሽማግሌዎች ወደ አባቷ ቤት መጡ። ክርክሩ ስለ አባትየው ክብርና ስለ ካሣው ነበር። እናትየው ከጓዳ ሆነው «ልጄስ ምን አለች?» ብለው ጠየቁ፤ የመለሰላቸው ግን አልነበረም። ዕርቅ ወረደ፤ ጠለፋው ጋብቻ ተባለ። ሽማግሌዎቹ ክፉዎች አልነበሩም፤ የደከሙት ደም እንዳይፈስ ነው። ይሁን እንጂ በዳይና ተበዳይ ተብለው የተቀመጡት ሁለት ቤተሰቦች እንጂ ልጅቱና ጠላፊዋ አልነበሩም።

ሕጉም ከዚህ ብዙ አልራቀም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አስገድዶ መድፈርን ወንጀል ቢያደርግም፣ ተበዳይዋ በዳይዋን ካገባችና ጋብቻው ካልፈረሰ ክሱ ይቀር ነበር። አስተሳሰቡ የእኛ ብቻ አይደለም። በ1941 ዓ.ም. የተፈረመው አራተኛው የጄኔቫ ስምምነትም በ27ኛው አንቀጹ መደፈርን የሚገልጸው በሴቶች ክብር ላይ እንደሚፈጸም ጥቃት ነው። በአገራችን፣ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ከጠለፋ በኋላ የሚፈጸም ጋብቻ ጠላፊውን ከተጠያቂነት እንደማያድነው ደነገገ። ሆኖም አንቀጽ 620 ወንጀሉን «ከጋብቻ ውጭ» በሚል ስለወሰነው ባል ሚስቱን ማስገደዱ ሳይነካ ቀረ።

«አስገድዶ መድፈር» የሚለው የሕግ ስያሜ ራሱ የሁለት አስተሳሰቦች መገናኛ ይመስለኛል። «መድፈር» ስለ ክብር ይጠይቃል፤ «አስገድዶ» ግን ስለ ፈቃዷ። ክብሩ የአባት፣ የባል ወይም የአገር ነው ሊባል ይችላል፤ ፈቃዱ ግን የእሷ ብቻ ነው።

ይህ ልዩነት የቃላት ጨዋታ አለመሆኑን ያስተማረችኝ ነፋስ መውጫ ናት። የሕወሓት ኃይሎች ከተማዋን ከነሐሴ 6 እስከ 15 ቀን 2013 ዓ.ም. ይዘው በቆዩበት ጊዜ ስለተፈጸመው በደል አምነስቲ ኢንተርናሽናል በኅዳር 2014 ዓ.ም. ዘገባ አወጣ። ካነጋገራቸው 16 ሴቶች መካከል 14ቱ በቡድን እንደተደፈሩ ተናገሩ። በዚያ ሰሞን ብዙዎቻችን «ተደፈርን» አልን፤ እኔም በቁጭት ብያለሁ። ሴቶቹ ግን የተናገሩት በነጠላ ቁጥር ነው፤ «ተደፈርኩ» ብለው። የእኛ «ተደፈርን» ኀዘን መጋራት ቢሆንም፣ ሳይታወቀን ከሽማግሌዎቹ ፊት በአባትየው ቦታ ያስቀምጠናል። ከዚያ በኋላ የምንነጋገረው ስለ ቁስላችንና ስለ በቀላችን ይሆናል እንጂ ስለ ሕክምናዋ፣ ስለ ምስክርነቷና ስለ ፍትሕዋ አይሆንም።

ስለዚህ ተማሪዎቼ ጠለፋን ወይም ጦርነትን የሚተርክ ልብ ወለድ ሲያነቡ አስቀድመው የተራኪውን መደብ እንዲመረምሩ እመክራለሁ። «ተደፈረች» የሚለው ማን ነው? እሷስ ምን አለች? እናትየው ከጓዳ የጠየቁት ጥያቄ እስካሁን መልስ ይጠብቃል።