አንድ ገጸ ባሕርይ በብዙ እጅ

በተረት ዓለም ጅብ ምን ጊዜም ሆዳም፥ ጦጣም ምን ጊዜም ብልጥ ናት። ተራኪው ቢለወጥ አገሩም ቢርቅ፥ ሰሚው ጅቡን በጠባዩ ወዲያው ያውቀዋል። ይህንንም ሥርዓት የሚጠብቀው የሰሚው ትዝታ ብቻ ነው። የዘመናችን የቪዲዮ ጨዋታ ገጸ ባሕርይ ግን ባለቤቱ ኩባንያ ነው፤ የሚሥሉትና የሚጽፉትም በልዩ ልዩ አገር የሚኖሩ፥ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። ታዲያ እንዲህ ያለው ፍጡር በብዙ እጅ ሲያልፍ ጠባዩ ሳይፈርስ እንዴት ሊኖር ይችላል? ለዚህ ጥያቄ ሶኒክ የተባለው ሰማያዊ ጃርት ታሪክ መልካም ምስክር ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሰውም ዘመን ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።

ሶኒክ የተፈጠረው ሴጋ በተባለው የጃፓን ኩባንያ ነው። መልኩን ናኦቶ ኦሺማ ነደፉ፤ የኮምፒዩተሩን ሥራ ዩጂ ናካ፥ የጨዋታውን መንገዶች ሂሮካዙ ያሱሃራ አዘጋጁ፤ ጨዋታውም በ1991 ለሽያጭ ቀረበ። ጃርቱ ይሮጣል፥ ይዘላል፥ በመኪና ውስጥ የታሰሩ እንስሳትን ነጻ ያወጣል እንጂ አይናገርም። ይህም ዝምታ ለሌሎች ደራሲዎች ሰፊ ሜዳ ሆነላቸው። አስቀድሞ የተለያየው የጠላቱ ስም ነው፤ ይህ ባለ ትልቅ ሪዝ ሊቅ በጃፓን ዶክተር ኤግማን ሲባል፥ በአሜሪካና በአውሮጳ ዶክተር ሮቦትኒክ ተባለ።

በ1993 ልዩነቱ እጅግ ሰፋ። በአሜሪካ ሁለት የሥዕል ፊልሞች በአንድ ወር ውስጥ በቴሌቪዥን ተጀመሩ፤ አንደኛው ለሣቅ የተሠራ ሲሆን፥ ሁለተኛው በተወረረች አገር የሚታገሉ አርበኞችን መከራ የሚያሳይ ነበር። በሁለቱም ለሶኒክ ድምፁን የሰጠው ግን አንድ ተዋናይ፥ ጃሊል ኋይት ነው። በዚያው ዓመት አርቺ የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ የሁለተኛውን ፊልም አርበኞች ይዞ የኮሚክ መጽሔቱን በተከታታይ ማውጣት ጀመረ። በእንግሊዝም ፍሊትዌይ የተባለው አሳታሚ ሌላ መጽሔት አወጣ፤ የዚህኛው ሶኒክ ቍጡና ትዕቢተኛ ነው፤ አስቀድሞም ቡናማ ነበረ እንጂ ሰማያዊ አልነበረም። እንግዲህ ስሙ አንድ፥ ትውልዱ ግን ብዙ የሆነ ጃርት በዓለም ላይ ይሮጥ ጀመር።

የዚህም ውጤት ሳይታይ አልቀረም። አርቺ በ1997 በወጣው በ50ኛው ቍጥር ሮቦትኒክን ገደለ። ለመጽሔቱ ተገቢ ፍጻሜ ነበር፤ ዳሩ ግን በጨዋታው ዘንድ ጠላቱ ገና ሕያው ነው። ሴጋም በ1998 «ሶኒክ አድቬንቸር» በተባለው ጨዋታ የጃርቱን እግር አስረዝሞ ዓይኑን አረንጓዴ አደረገ፤ ከዚያም ወዲህ ኤግማን የሚለው ስም በየአገሩ እየጸና ሄደ። ስለዚህ የመጽሔቱ ደራሲዎች ከሌላ ዓለም ሁለተኛ ሮቦትኒክ አምጥተው በሟቹ ቦታ ተኩ፤ የሶኒክንም ዓይን አረንጓዴ አደረጉ። ባለቤቱ ያላጸደቀው ሞት ሊጸና አልቻለም።

ከዚህ የከፋው የውል ጕዳይ ነው። ከቀድሞዎቹ ደራሲዎች አንዱ ኬን ፔንደርስ ለፈጠሯቸው ገጸ ባሕርያት የባለቤትነት መብት ይገባኛል ስላሉ፥ ነገሩ በ2010 ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ2013ም በስምምነት ተፈጸመ። በዚያው ዓመት የመጽሔቱ ዓለም እንደ አዲስ ሲጀመር፥ ብዙ ገጸ ባሕርያት ያለ ስንብት ጠፉ። መጽሔቱም 290ኛው ቍጥር ከወጣ በኋላ፥ መቋረጡ በ2017 ተነገረ። ከሃያ ዓመት በላይ የተከታተሉት አንባቢዎች የታሪኩን መጨረሻ ሳያዩ ቀሩ።

በ2018 አይዲደብልዩ የተባለው አሳታሚ አዲስ መጽሔት ሲጀምር፥ ታሪኩ በ2017 ከወጣው ጨዋታ ቀጥሎ እንደሆነ ተደርጎ ተጻፈ። የመጀመሪያው ደራሲ ቀድሞ ለአርቺ ይጽፉ የነበሩት ኢያን ፍሊን ሲሆኑ፥ በ2022 «ሶኒክ ፍሮንቲየርስ» የተባለውን ጨዋታ ታሪክ የጻፉትም እኒሁ ሰው ናቸው። ጨዋታውና መጽሔቱ በአንድ ብዕር ተገናኙ ማለት ነው።

እርግጥ ነው፥ ሁሉም ከመጀመሪያው በአንድ ደንብ ቢታሰር ኖሮ፥ ቍጡው የእንግሊዝ ሶኒክም ሆነ የአርበኞቹ ኀዘን ባልተጻፈም ነበር። ዳሩ ግን ጉዳቱ የመጣው ከደራሲዎቹ ነጻነት አይደለም፤ ወሰኑና ውሉ አስቀድሞ ተለይቶ ካለመታወቁ ነው እንጂ። ለደራሲ ወሰኑ አስቀድሞ ቢነገረው ነጻነቱን አይቀንስበትም፤ የደከመበት ሥራ በኋላ እንዳይፈርስበት ይጠብቅለታል።