የቆሻሻ ማቃጠያ ምድጃና የጤና ጉዳቱ፦ ከኖቲንግሃም እስከ አበርገሌ

ከሰቆጣ ደጋ ወደ ተከዜ ሸለቆ የሚወርደው የአበርገሌ ወረዳ በፍየል እርባታውና በዕጣን ዛፉ የታወቀ ቆላማ አገር ነው። ስለ ቆሻሻ ማቃጠያ የጤና ጉዳት በተነሣ ቁጥር የአንባቢ ሐሳብ ወደ ታላላቅ የኢንዱስትሪ ከተሞች ማምራቱ የተለመደ ቢሆንም፣ እንዲህ ያለው ገጠርም ከጉዳዩ ውጭ አይደለም። በኢትዮጵያ አንድ ጤና ጣቢያ ሲሠራ ከእንግዴ ልጅ መቅበሪያውና ከአመድ ጉድጓዱ ጋር አነስተኛ የጡብ ማቃጠያ በጓሮው እንዲኖር ይጠበቃል። የአበርገሌ ገጠርም ከዚህ ታሪክ ጋር የተገናኘው በዚሁ በጓሮው ምድጃ በኩል ነው።

ቆሻሻን አሰባስቦ ለማቃጠል ታስቦ የተሠራው የመጀመሪያው ምድጃ እ.ኤ.አ. በ1874 በእንግሊዝ አገር፣ በኖቲንግሃም ከተማ ተተከለ። ከዚያ በኋላ ለአንድ መቶ ዓመት ያህል ጎረቤቶች ያማርሩ የነበረው ስለ ሽታውና ስለ ጥላሸቱ ብቻ ነበር። ነገሩ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ1977 የአምስተርዳም ተመራማሪዎች ከከተማ ቆሻሻ ማቃጠያዎች በሚወጣው ብናኝ አመድ ውስጥ ዳዮክሲን መኖሩን ባስታወቁ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ደግሞ በስቶክሆልም ማቃጠያ ይሠሩ የነበሩ 176 ሠራተኞችን የተከታተለ ጥናት በሳንባ ካንሰርና በልብ ደም ሥር በሽታ የሞቱት ከሚጠበቀው በላይ ሆነው እንዳገኛቸው ገለጸ። በዚያው ዓመት በሮተርዳም አጠገብ በሚገኘው የሊኬባርት መስክ የሚሰማሩ ላሞች ወተት በዳዮክሲን ተበክሎ በመገኘቱ ከሽያጭ ታገደ። በፈረንሳይ በበዛንሶን ማቃጠያ ዙሪያም የለስላሳ ሕብረ ሕዋስና የንፍፊት ካንሰር ክምችት መታየቱ እ.ኤ.አ. በ2000 ተዘገበ። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የብሪታንያ ጥናት በጥብቅ ቁጥጥር በሚሠሩ ዘመናዊ ማቃጠያዎች አካባቢ የሕፃናት ሞት መጨመሩን አላገኘም። ስለዚህ ጥያቄው ምድጃው ምን ዓይነት እንደሆነና ማን እንዴት እንደሚያነደው ነው።

ዳዮክሲን የሚፈጠረው ክሎሪን ያለበት ቆሻሻ፣ ለምሳሌ ፒቪሲ ፕላስቲክ፣ በደንብ ሳይነድ ሲቀርና ጢሱ ከ450 እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ ነው። ቅጠልና ሣር ላይ ያርፋል፤ ከዚያ በእንስሳት ስብና ወተት ውስጥ ይከማቻል። የሊኬባርት ላሞች የሳሩትን ነገር የአበርገሌ ፍየሎችም ሊሳሩት ይችላሉ፤ አጥር ለሌለው ጓሮ ፍየል እንግዳ አይደለችም።

ይህ ምድጃ ወደ ጤና ተቋማት የገባው ግን በቸልተኝነት አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያመለክተው፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በተበከሉ መርፌዎች ምክንያት 21 ሚሊዮን ሰዎች በሄፓታይተስ ቢ፣ 2 ሚሊዮን በሄፓታይተስ ሲ፣ 260,000 ደግሞ በኤች አይ ቪ ተይዘዋል። ቀደም ሲል በ1999 ድርጅቱ፣ ዩኒሴፍና የተባበሩት መንግሥታት የሥነ ሕዝብ ፈንድ እስከ 2003 መጨረሻ ድረስ ክትባት ሁሉ ዳግመኛ በማያገለግል ሲሪንጅ እንዲሰጥ ጥሪ አድርገው ነበር። ውሳኔው ትክክል ነበር። ሆኖም ቀድሞ እየተቀቀለ በድጋሚ ይሠራ የነበረው መርፌ አንዴ ተወግቶ የሚጣል ሆነ፤ ካርቶን ሣጥኑም ሞልቶ ወደ እሳት ሄደ።

በእንግሊዝ አገር በዲ ሞንትፎርት ዩኒቨርሲቲ የተነደፈው ርካሽ የጡብ ምድጃ በብዙ የአፍሪካ አገሮች የተስፋፋው ይህንኑ ክምር ለማስወገድ ነው። ምድጃው ከ800 ዲግሪ በላይ እንዲደርስ ቀድሞ በበቂ ማገዶ መሞቅ አለበት። ማገዶ ብርቅ በሆነበት በዋግ ይህ ቀላል ሁኔታ አይደለም፤ ሣጥኑ በቀዝቃዛ ምድጃ ውስጥ ተጥሎ ክብሪት ሲጫርበት ጥቁር ጢስ ይወጣል። ማጣሪያ የለውም፤ ጭስ ማውጫውም አጭር ነው። ለዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2004 የተዘጋጀው የአደጋ ግምገማ በወር 1 ሰዓት፣ በሳምንት 2 ሰዓትና በቀን 2 ሰዓት የሚነዱ ምድጃዎችን አነጻጽሮ፣ አሠራሩ በከፋና ድግግሞሹ በበዛ ቁጥር አደጋው እንደሚያድግ አሳይቷል። በጤና ጣቢያ ይህን ጢስ ከሁሉ አስቀድማ የምትተነፍሰው፣ አመዱንም ዝቃ ያልተቃጠለው መርፌ የሚወጋት የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ነርሷን ከመወጋት ለማዳን የተዘጋጀው ሣጥን አደጋውን ወደ እርሷ አሻገረው ማለት ይቻላል።

ኢትዮጵያ የሕክምና ቆሻሻ ማቃጠያን ከዳዮክሲን ምንጮች አንዱ አድርጎ የዘረዘረውን የስቶክሆልም ስምምነት በጥር 1995 ዓ.ም. ተቀብላለች። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2004 ማቃጠልን ቀስ በቀስ በሌላ ዘዴ መተካትን የረጅም ጊዜ ግብ አድርጎ አስቀመጠ። ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመረቀው የረጲ ማመንጫ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያነድ ታቅዶ የተሠራና የጢስ ማጣሪያ የተገጠመለት በመሆኑ የሕዝብ ዓይን በእርሱ ላይ አርፎ ነበር። ማጣሪያ የሌላቸው ትንንሾቹ ግን በየወረዳው ተበትነው በመኖራቸው ያን ያህል አነጋጋሪ አልሆኑም።

መርፌን በእንፋሎት ማምከን ኤሌክትሪክና ውኃ ይሻል። ሁለቱም በማይገኙበት ሥፍራ፣ ስለታማውን ክዳን ባለው በሲሚንቶ በተገነባ ጉድጓድ ማከማቸት፣ ፒቪሲውን ለይቶ ከእሳት ማራቅ፣ ግቢውን ማጠርና ለምታነደው ሠራተኛ ወፍራም ጓንት፣ ቦቲ ጫማና የሄፓታይተስ ቢ ክትባት መስጠት ይቻላል። ከ2013 ዓ.ም. በኋላ በነበረው ጦርነት በዋግ ኽምራ የጤና ተቋማት ተጎድተዋል፤ ከአበርገሌም ብዙ ሕዝብ ወደ ሰቆጣ ተፈናቅሏል። የተጎዱት ጤና ጣቢያዎች ዳግመኛ ሲሠሩ የጓሮው ምድጃ በቀድሞው ቦታ፣ በቀድሞው ንድፍ ይመለስ ወይስ አይመለስ የሚለው የሚወሰነው ገና በፕላኑ ላይ ነው።