የወረሱት ሃይማኖትና ያገኙት እምነት

ሰው ሲወለድ ብዙ ነገር ሳይጠይቅ ይቀበላል። ስሙን፣ ቋንቋውን፣ አገሩንና ሃይማኖቱን መርጦ የሚወለድ የለም። በአገራችን የክርስቲያን ልጅ ወንድ ሲሆን በ40 ቀኑ፣ ሴት ስትሆን በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሣለች፤ የሙስሊምም ልጅ ዓለምን ለይቶ ሳያውቅ በጆሮው አዛን ይባልለታል። ልጆቹ ስለተደረገላቸው ነገር አንዳች አያውቁም። ካደጉ በኋላ ግን ከብዙዎቹ ልብ ውስጥ አንድ ጥያቄ ብቅ ይላል፤ ይኸውም «ይህ የያዝሁት ሃይማኖት የእኔ ነው ወይስ የአባቴ?» የሚል ነው።

ይህን ጥያቄ ይዘው ወደ እኔ የመጡ ወጣቶች ጥቂቶች አይደሉም። አንዳንዶቹ እያፈሩ ይጠይቁኛል፤ አንዳንዶቹም እየኮሩ ይነግሩኛል። የሚያፍሩት ወላጆቻቸውን የከዱ ይመስላቸዋል፤ የሚኮሩት ደግሞ ይህን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰቡት እነርሱ ይመስላቸዋል። እኔም ለሁለቱ ወገኖች መልስ ለመስጠት ስፈልግ ወደ ታሪክ እሄዳለሁ። ምክንያቱም ታሪክ ላፋሪው «ብቻህን አይደለህም» ብሎ ያጽናናዋል፤ ለኩሩውም «ከአንተ በፊት በዚህ መንገድ የሄዱ አሉ፤ መንገዱም ረጅም ነው» ብሎ ይገሥጸዋል። ከነዚህ መንገደኞች ሁለቱን መርጬ ታሪካቸውን ባጭሩ እነግራችኋለሁ፤ አንደኛው እስላም፣ ሁለተኛው ክርስቲያን ነበር። ዓመተ ምሕረቱን የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አቡ ሐሚድ አልጋዛሊ በ1058 ዓ.ም. በፋርስ አገር ጡስ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ሊሞት ሲል እርሱንና ወንድሙን አሕመድን ሱፊ ለሆነ ወዳጁ አደራ ብሎ እንደ ሰጣቸው ይተረካል። ሱፊ ማለት በእስልምና ውስጥ የዓለምን ክብር ንቆ ልቡን ለፈጣሪ ፍቅር ያስገዛ መናኝ ማለት ነው። ጋዛሊ በትምህርት እጅግ የበረታ ልጅ ነበር። ስለ ወጣትነቱ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ትምህርቱን ቀስሞ ወደ አገሩ ሲመለስ ሽፍቶች በመንገድ ላይ ዕቃውን ሁሉ ቀሙት። እርሱም ተከትሏቸው ሄዶ «ሌላውን ውሰዱ፤ ከመምህሮቼ ሰምቼ የጻፍሁትን ወረቀት ብቻ መልሱልኝ፤ ዕውቀቴ ያለው በዚያ ነውና» ብሎ ለመናቸው። የሽፍቶቹም አለቃ ስቆ፣ ከረጢቱ ሲወሰድበት ያለ ዕውቀት የሚቀር ሰው እንዴት ዐዋቂ ነኝ ይላል ብሎ አፌዘበትና ወረቀቱን መለሰለት ይባላል። ጋዛሊም አገሩ ከገባ በኋላ ማንም ሊቀማው እንዳይችል ሦስት ዓመት ሙሉ ያን ጽሑፍ በቃሉ አጠና።

እኔ ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር የሽፍታው ቃል ከወረቀት የሚያልፍ ይመስለኛል። በከረጢት የተያዘ ዕውቀት ሊቀማ እንደሚችል ሁሉ፣ በልማድ ብቻ የተያዘ ሃይማኖትም ሊቀማ ይችላል። ጋዛሊ ራሱም በሕይወቱ መጨረሻ ዘመን በጻፈው «ከስሕተት አዳኝ» በሚባለው መጽሐፉ ይህን ይመሰክራል። የክርስቲያን ልጆች ክርስቲያን፣ የአይሁድ ልጆች አይሁድ፣ የእስላም ልጆች እስላም ሁነው ሲያድጉ ተመለከተ፤ ከዚህም የተነሣ ከአባቶቹ በመከተል ብቻ የተቀበለው ነገር ገና በለጋ ዕድሜው ከእጁ ወደቀ። ከዚያም ጥርጣሬው እየጠለቀ ሄደ። ዐይን ጥላ የቆመ አድርጎ ያያል፣ ጥላው ግን ይሄዳል፤ ዐይን ኮከብን እንደ ገንዘብ አሳንሶ ያያል፣ ስሌት ግን ከምድር ትበልጣለች ይላል። ዐይን እንዲህ ካታለለን አእምሮስ እንደማያታልለን ምን ማረጋገጫ አለን? በሕልም ያየነውን እውነት ነው ብለን ስንነቃ እንደምንተወው፣ ይህስ ንቃት ሌላ ሕልም እንዳይሆን ማን ያውቃል? በዚህ ሐሳብ ሁለት ወር ያህል ተሠቃየ። ከዚህም ደዌ የዳነው በክርክር ሳይሆን እግዚአብሔር በልቡ ውስጥ ባበራው ብርሃን እንደ ሆነ ይናገራል።

ነገር ግን ታላቁ ፈተና ገና ነበር። በ1091 ዓ.ም. ታላቁ ሚኒስትር ኒዛም አልሙልክ በባግዳድ በነበረው ኒዛሚያ በተባለው ከፍተኛ ትምህርት ቤት መምህር አድርጎ ሾመው። ዕድሜው ገና 33 ዓመት ነበር። ሦስት መቶ ተማሪዎች ከእግሩ ሥር ተቀምጠው ይማሩ ነበር፤ ሹማምንቱም ያከብሩት ነበር። በዚህ ጊዜ የፈላስፎችን፣ የነገረ መለኮት ሊቃውንትንና የሌሎችንም ወገኖች ትምህርት መረመረ። በመጨረሻም የሱፊዎችን መጻሕፍት ካነበበ በኋላ አንድ ነገር ተገለጠለት፤ ይኸውም የቀረው ነገር በመቅመስ እንጂ በመስማት የማይገኝ መሆኑ ነው። የታመመ ሐኪም ጤና ምን እንደ ሆነ አሳምሮ ያውቃል፤ ጤና ግን የለውም። እርሱም ስለ ፈጣሪ ፍቅር የሚያስተምር፣ ፍቅሩ ግን የሌለው ሰው መሆኑን ተረዳ። ልቡን ሲመረምረው የሚያስተምረው ስለ እግዚአብሔር ብሎ ሳይሆን ስለ ዝናና ስለ ማዕረግ ሁኖ አገኘው።

ከጁላይ 1095 ዓ.ም. ጀምሮ ስድስት ወር ያህል ልሂድ ልቅር እያለ በሐሳብ ተናወጠ። ጧት ይቆርጣል፣ ማታ ይተወዋል። በመጨረሻ አንደበቱ ተዘጋ። ተማሪዎቹን ደስ ለማሰኘት አንዲት ቀን እንኳ ለማስተማር ቢታገል ምላሱ እንቢ አለው፤ ምግብም አልወርድ አለው። ሐኪሞችም ደዌው የልብ ነው ብለው ተስፋ ቈረጡ። በዚያው ዓመት ለልጆቹ የሚበቃውን አስቀርቶ ሌላውን ገንዘቡን አከፋፈለና ወደ መካ እሄዳለሁ ብሎ ከባግዳድ ወጣ። በደማስቆ ሁለት ዓመት ያህል ተቀመጠ፤ በመስጊዱ ሚናራ ላይ ወጥቶ በሩን ዘግቶ ቀኑን ሙሉ ብቻውን ይውል ነበር። ከዚያም ወደ ኢየሩሳሌም ሄደ፤ በኬብሮንም በአብርሃም መቃብር ዘንድ የነገሥታትን ገንዘብ ላለመቀበልና በጉባኤ ላለመከራከር ተሳለ። ዛሬ አንዳንድ የታሪክ ሊቃውንት ኒዛም አልሙልክ በ1092 ዓ.ም. ተገድሎ ስለ ነበር የጋዛሊ ስደት የፖለቲካ ፍርሀት ሳይኖርበት አይቀርም ይላሉ። ይሁን፤ ነገር ግን ፍርሀት ሰውን ከከተማ ሊያስወጣው ይችላል እንጂ ለአሥር ዓመት ያህል በጸሎትና በጽሞና ሊያስቀምጠው አይችልም። ታላቁን «የሃይማኖት ዕውቀቶች ትንሣኤ» የተባለውን ባለ አርባ ክፍል መጽሐፉንም የጻፈው በዚህ በስደቱ ዘመን ነው። በ1106 ዓ.ም. በሹማምንት ግፊት እንደገና ለማስተማር በኒሻፑር ቆመ፤ አሁን ግን ያስተማረው ክብር የሚገኝበትን ሳይሆን ክብር የሚናቅበትን ዕውቀት ነው። በ1111 ዓ.ም. በተወለደባት በጡስ ዐረፈ።

ሁለተኛው ሰው የሩሲያው ደራሲ ሌዎ ቶልስቶይ ነው። በ1828 ዓ.ም. ከመኳንንት ወገን ተወለደ፤ እናቱና አባቱ በልጅነቱ ስለ ሞቱበት ያደገው በአክስቶቹ እጅ ነው። የኦርቶዶክስን ሃይማኖት እንደ ወግ ተማረ፤ በወጣትነቱም ጣለው። ሃይማኖት በእርሱ ወገን ሰዎች ዘንድ እንዴት እንደሚጠፋ «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ ሲያስረዳ የአንድ ሰው ታሪክ ያመጣል። ይህ ሰው የ26 ዓመት ጎልማሳ ሳለ ለአደን ወጥተው ካደሩበት ቦታ እንደ ልማዱ ተንበርክኮ ሲጸልይ ታላቅ ወንድሙ ተመለከተውና «ይህን ነገር ገና አልተውኸውም?» አለው። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ሰውዬው ዳግመኛ አልጸለየም። ወንድሙ በክርክር አላሸነፈውም፤ ግድግዳው ከውስጥ ተበልቶ አልቆ ስለ ነበር በጣት ቢነኩት ወደቀ።

ቶልስቶይ ከዚህ በኋላ በጦርነት፣ በቁማርና በሴት ከኖረ በኋላ በ1862 ዓ.ም. አገባ። በ1869 ዓ.ም. «ጦርነትና ሰላም»ን፣ በ1877 ዓ.ም. ደግሞ «አና ካሬኒና»ን ፈጸመ። ዝና፣ ሀብት፣ ጤናና ልጆች ነበሩት። ዕድሜው ወደ 50 ሲጠጋ ግን «ከዚህስ በኋላ?» የሚል ጥያቄ ያዘው። ሞት ሁሉን የሚወስደው ከሆነ የምሠራው ሁሉ ለምን? አለ። ራሱን እንዳይሰቅል ገመድ ከፊቱ ይደብቅ፣ ራሱን እንዳይመታ ጠመንጃ ይዞ ከማደን ይሸሽ ጀመር። ሁሉ የሞላለት ሰው ነበርና ድህነት ወይም በሽታ አመካኘ የሚል የለም።

መልሱን በመጻሕፍት ፈልጎ አጣው። ያገኘው ከባላገሮቹ ዘንድ ነው። ድካምን፣ ማጣትንና ሞትን በጸጥታ ሲቀበሉ አየና የእነርሱ እምነት እንደ ሊቃውንቱ የቃል ሳይሆን የሚኖሩበት መሆኑን ተረዳ። ስለዚህ ወደ ቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ጾመ፣ ጸለየ፣ ቈረበ። ነገር ግን ልቡ ያላመነበትን በአፉ መናገር አቃተው፤ ይልቁንም ከ1877 እስከ 1878 ዓ.ም. ሩሲያ ከቱርክ ጋር ስትዋጋ በክርስቶስ ስም ለመግደል ሲጸለይ ሰምቶ ታወከ። ከዚያም የተራራውን ስብከት የሕይወቱ መመሪያ አደረገው፤ ክፉን በክፉ አለመመለስንም ሰበከ። ሳንሱር «ኑዛዜ»ን በሩሲያ እንዳይታተም ስለ ከለከለው በ1884 ዓ.ም. በጄኔቫ ታተመ። በ1901 ዓ.ም. የሩሲያ ቅዱስ ሲኖዶስ ከቤተ ክርስቲያን የተለየ መሆኑን ዐወጀ። በ1891 እና በ1892 ዓ.ም. በሩሲያ ረኃብ በገባ ጊዜ ግን ይህ ሰው ከልጆቹ ጋር ወደ መንደሮቹ ሄዶ ለድኾች የምግብ ቤት ይከፍት ነበር። «የእግዚአብሔር መንግሥት በውስጣችሁ ናት» የተባለውን መጽሐፉን ጋንዲ በደቡብ አፍሪካ ሳለ አንብቦ ሐሳቡን ወደ ሕንድ አገር ነፃነት ትግል አስገባው።

የቶልስቶይንም ጉድለት መሸፈን አልፈልግም። ሰላምን ለዓለም ሲሰብክ በገዛ ቤቱ ሰላም አልነበረም። የብዙ ልጆች እናት የሆነችውና ጽሑፎቹን ስትገለብጥለት የኖረችው ባለቤቱ ሶፊያ በሐሳቡ ምክንያት ብዙ ተጎዳች። በ1910 ዓ.ም. በ82 ዓመቱ በሌሊት ከቤቱ ወጥቶ ሄደና አስታፖቮ በምትባል የባቡር ጣቢያ ታሞ ሞተ። አዲስ እምነት ያገኘ ሰው ሁሉ ቅዱስ ይሆናል ብሎ የሚያስብ ይህን ይመልከት።

እንግዲህ ሁለቱን ስናስተያይ አንደኛው ከተወለደበት ሃይማኖት ወጥቶ ወደዚያው በሌላ በር ገባ፤ ሁለተኛው ግን ከቤተ ክርስቲያኑ ውጭ ቀረ። ስለዚህ የእውነተኛ መንፈሳዊነት ምልክቱ መውጣት ወይም መመለስ አይደለም። ደግሞም መውረስ በራሱ ክፉ አይደለም። ቶልስቶይን ያዳኑት ባላገሮች እምነታቸውን ከአባቶቻቸው የወረሱ ነበሩ፤ ጋዛሊም በመጨረሻ የተመለሰው አባቱ በልጅነቱ አደራ ወደ ሰጠው ወደ ሱፊዎቹ መንገድ ነው። ርስት የወረሰ ልጅ ካላረሰው መሬቱ ጦም ያድራል፤ ጥፋቱም የአውራሹ አይደለም። ሃይማኖትም እንደዚሁ ነው።

በሁለቱም ሕይወት ሦስት ነገሮች ይታዩኛል። መጀመሪያ፣ ሁለቱም አልዋሹም። ባግዳድ ውስጥ በክብር እያስተማሩ መኖር፣ በሩሲያም እንደ ሰዉ እየቈረቡ ዝም ማለት ይቻል ነበር። ሁለተኛ፣ ያገኙት እምነት ዋጋ አስከፈላቸው፤ አንዱ ወንበሩን ተወ፣ አንዱ ተወገዘ። ሦስተኛ፣ ያገኙት ነገር ከራሳቸው አልፎ ለሌላ ሰው ደረሰ። በአገራችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይባላል፤ በምድር ላይ ለማንም ወተት የማይሰጥ እምነት፣ የተወረሰም ቢሆን አዲስ የተገኘም ቢሆን፣ እንዲሁ የሰማይ ላም ነው።

ስለዚህ ወጣት ሆይ! የአባትህ ሃይማኖት በልብህ ውስጥ ቢናወጥ አትሸበር፤ የተናወጠውን እንዳልተናወጠ አድርገህም ለሰው አታሳይ። ነገር ግን መጣልን እንደ ጀግንነት አትቍጠረው። በአንድ ሰው ፌዝ የሚተው ጸሎት ደካማ እንደ ሆነ ሁሉ፣ በአንድ መጽሐፍ የተገኘ ክህደትም ደካማ ነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንደሚባለው፣ ከመጣልህ በፊት የምትጥለውን ነገር እወቀው፤ ከመያዝህም በፊት የምትይዘውን መርምረው። እናትህ በማለዳ ተነሥታ ስትጸልይ ብታይ አትሳቅባት፤ አንተ በመጻሕፍት የምትፈልገውን እርሷ ምናልባት አግኝታው ይሆናል። ፍለጋህ ረጅም ቢሆን በመንገድ ላይ ሳለህ ለተራበው እንጀራ መስጠትን፣ እውነት መናገርንና የበደለህን ይቅር ማለትን አታቋርጥ። እነዚህን ለማድረግ ጥርጣሬው እስኪያልቅ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ለብዙ ሰውም ብርሃኑ የመጣው በእነዚህ በኩል ነው።