ፈረስ የማያድርበት ቆላ

ጣርማ በርን በጠዋት ተሻግሮ የማያውቅ ሰው ጉም አውቃለሁ ባይል ይሻለዋል። ከ3,000 ሜትር በሚበልጠው በዚያ ከፍታ ላይ ሾፌሩ በቀን መብራት አብርቶ፣ ጡሩምባውን እየነፋ ነው የሚሄደው። ተሳፋሪው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቧል። ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለውን ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ሲባል ጋቢው ትከሻ ላይ ይወርዳል፤ አርማንያ ሲታለፍ ጭን ላይ ይቀመጣል፤ ሸዋ ሮቢት ሲደረስ ደግሞ «እባክህ ወንድሜ፣ መስኮቱን ክፈተው» ይመጣል።

መስኮቱ ከተከፈተ አይቀር ወደ ውጭ እንይ። ከላይ፣ ከደብረ ብርሃን እስከ ጣርማ በር፣ የመንገዱ ግራና ቀኝ ፈረስ ነበር። ገብስ የጫነ አለ፣ ጋሪ የሚጎትት አለ፣ ባለቤቱን ገበያ የሚያደርስ አለ። ቁልቁል ስንወርድ ፈረሱ እየሳሳ ሄደና በምትኩ ግመል መጣ። አህያ ብቻ ነው ላይም ታችም ያለው፤ ምስኪን፣ የትም አይቀርለት። ፈረሱ ግን የት ቀረ?

እኛ ቤት የዚህን መልስ የምናውቀው በቦራ ታሪክ ነው። ቦራ የአያቴ ፈረስ ነበር፤ ዳማ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት። አያቴ መሬቱ ከጣርማ በር ራስጌ፣ ገብስና ባቄላ የሚዘራ ደገኛ ነበር። ከጌቶች ወገን አይደለም። ቢሆንም ይፋት ቆላ ያለው የአርጎባ ወዳጁ «አባ ቦራ» ነበር የሚለው፤ ግማሹ በቀልድ፣ ግማሹ በአክብሮት።

ቀልዱ ከየት እንደመጣ ለማወቅ የሸዋን ታሪክ መግለጥ ነው። ለአገራችን መኳንንት ፈረስ መጓጓዣ ብቻ አልነበረም፤ ስም ነበር። አጼ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አጼ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መቻል፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ። ሰውዬው በአባቱ ብቻ ሳይሆን በፈረሱም ይጠራል፤ የፈረሱ አባት ተብሎ። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ እንኳ የራስ መኮንንን ፈረስ ስም ይዞ ነው ባሕር የተሻገረው። ጌታው ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ፣ ኮርቻው ባዶውን፣ ለቅሶው መሀል እየተጎተተ ይዞራል። ያን ጊዜ ነው ያላለቀሰው ሁሉ የሚያለቅሰው።

ይህ ሁሉ የፈረስ ክብር ግን የደጋ ክብር ነው። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከተማቸው አንኮበር ገደሉ አፋፍ ላይ ሆኖ፣ ሌላው መቀመጫቸው አንጎለላ ደግሞ የደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ ነው፤ ለጥ ያለ ሣር፣ ብርድ፣ ውርጭ፣ ለፈረስ ገነት። ከአንኮበር ቁልቁል ያለው ንግድ ግን በፈረስ አልነበረም። አሞሌ ጨው ከአፋር በግመል ይመጣና ከገደሉ ግርጌ ይራገፋል። ካፒቴን ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የሚባለው እንግሊዛዊ በ1833 ዓ.ም. ከታጁራ ተነሥቶ ወደ ንጉሡ ሲመጣ፣ ግመሎቹ ፋሬ ላይ ዕቃቸውን አራግፈዋል። ከዚያ ወዲያ ጓዙ አንኮበር የወጣው በሰው ጀርባ ነው። ግመል ወደ ብርዱ አይወጣም፤ ፈረስ ወደ ሙቀቱ አይወርድም። መሀል ላይ የሚቀረው አህያ፣ በቅሎና ሰው ነው። ሆኖም አባ አህያ ተብሎ የተፎከረለት ጌታ አልሰማንም።

እዚህ ላይ ታሪክ የሚያነብ ሰው ሊሞግተኝ ይችላል። «የይፋት ሱልጣኖችስ? ፈረሰኛ አልነበራቸውም ወይ?» ነበራቸው እንጂ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ካይሮ ተቀምጦ የጻፈው አል ኡመሪ ለይፋት 15,000 ፈረሰኛ ይቆጥርለታል። በአይኑ ያላየውን በወሬ የቆጠረ ነውና ቁጥሩን እንደ ቁጥር አልይዘውም። ነገር ግን ፈረንሳዮቹ አርኪዮሎጂስቶች ፍርስራሻቸውን ያጠኗቸው የይፋት ከተሞች፣ እነ ኖራ፣ እነ አስባሪ፣ ሜዳው ላይ አይደሉም፤ ከደጋው እየተዘረጋ በሚወርደው ተራራ ጀርባ ላይ ናቸው። እዚያ የሰፈረ ሰው በአንድ እጁ የደጋውን ፈረስ፣ በሌላው የአፋርን ግመል ይነካል። የኔ ግምት ነው፤ ሱልጣኖቹም ገደሉን ሳይፈልጉት አልቀሩም።

ወደ ቦራ እንመለስ። በ1940ዎቹ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ የአርጎባው ወዳጁ አባት አረፉ የሚል መርዶ መጣ። በቅሎ ነበረች። ግን ለወዳጅ አባት ለቅሶ በበቅሎ ይደረሳል? አያቴ ቦራን ጭኖ ወረደ። አስቦ የነበረው ቀን ደርሶ፣ ሳይመሽ ወደ ብርዱ ሊመለስ ነው። ወዳጁም እንባውን ሳይጠርግ፣ «ፈረሱን ይዘህ ከመምሸቱ በፊት ውጣልኝ» አለው። ግን ከላይ ዘንቦ ኖሮ በመንገዱ ያለው ወንዝ ሞላ። አደሩ። ወዳጁ የራሱን ሐዘን ትቶ፣ እርጥብ እንጨት አምጥቶ፣ ሌሊቱን ሙሉ ቦራን ሲያጨስለት አደረ።

ቦራ በማግስቱ ገደሉን እንደ ወትሮው ወጣ። ምንም አልሆነም፤ ደስ አላቸው። በሳምንቱ መብል ተወ። ከዓይኖቹ በላይ ያለው ጎድጓዳ አብጦ ተሞላ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ አለ፣ በአፍንጫው ነጭ አረፋ ደፈቀ። በሁለተኛው ቀን ሞተ። ጎረቤት «ቡዳ ነው» አለ፤ «መርዘውት ነው» ያለም አልጠፋም። ቆላ ያደረው ከሳምንት በፊት፣ የታመመው አሁን፤ ማን ያገናኘዋል? አያቴ ብቻ «ሌሊቱ ነው» አለ፤ ሌላ አልተናገረም።

አያቴ ያላነበበውን ዛሬ እኛ እናነባለን። በሽታው የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1854 እና 55 በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ወደ 70,000 የሚጠጉ ፈረሶችን ፈጅቷል። ተሸካሚው ማን እንደሆነ ዱ ቶይት የሚባል የዚያው አገር ተመራማሪ ያረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1944 ነው፤ ከወባ ትንኝ እጅግ የምታንስ፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነች ትንኝ። የምትነክሰው በዋነኛነት ከጀንበር ጥልቀት እስከ ንጋት ነው። ሙቀትና እርጥበት ያፈላታል፣ ውርጭ ይገድላታል። ንክሻው እስኪታወቅ አምስት፣ ሰባት ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ከታመሙ አሥር ፈረሶች ዘጠኙ ሊሞቱ ይችላሉ፤ በቅሎ ግማሽ በግማሽ ትተርፋለች፤ የአፍሪካ አህያ አብዛኛውን ጊዜ መታመሙም አይታወቅበት።

እንግዲህ ያ ሁሉ የደጋ ሰው «ሳይመሽ ውጣ» ሲል ትንኟን ሳያያት ሰዓቷን አውቆባታል። ለራሱም ያው ነበር ምክሩ፤ የቆላ ንዳድ የሚይዘው ያደረ ነው ይባል ነበርና ሰውም ፈረሱም እኩል ይሮጡ ነበር። ወባዋም፣ ይቺኛዋም በሌሊት የምትሠራ ስለሆነች ምክሩ ለሁለቱም ሠርቷል። አሁን ለፈረሱ ክትባት አለ፣ ቢሾፍቱ ውስጥም ይመረታል። ቫይረሱ ግን ዘጠኝ ዓይነት ነው፤ አንዱን የተከተበ ሌላውን አመለጠ ማለት አይደለም። ክትባቱም ቢሆን ትንኟ ሳትፈላ፣ ፈረሱ ጤነኛ ሳለ መድረስ አለበት። የጋሪ ፈረስ ያለው ድሃ ያን ቀን ጋሪውን አቁሞ ፈረሱን ያስከትባል ወይ? እኔ እፈራለሁ።

አያቴ ከቦራ በኋላ ፈረስ አልገዛም። በበቅሎዋ ኖረ።

ቦራ በሞተ በአሥራ አምስት ቀኑ ግን ያ የአርጎባ ወዳጁ አንድ አህያ ማሽላ ጭኖ፣ ገደሉን በእግሩ ወጥቶ፣ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለ። ሴቶቹ ደነገጡ፤ ማን ሞተበት ብለው። «ለቅሶ ልደርስ ነው የመጣሁት» አለ። ለፈረስ! አያቴ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ሊስም ሲል እሱ ቀድሞ አቀፈውና «አላህ ያጽናህ፣ አባ ቦራ» አለው። የዚያን ዕለት ማታ እንግዳው በብርድ ይንዘፈዘፍ ስለነበር፣ አያቴ ኩበት እያነደደ፣ ጋቢ እየደረበለት፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያሞቀው አደረ።