አራሚው ከጸሐፊው ጎን

ጽሑፍ ባለበት ሁሉ አራሚ አለ። የሰው እጅ ይስታል፤ ዐይንም የገዛ እጁን ስሕተት ሳያይ ያልፋል። በዚህ አጭር መጣጥፍ የምናነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ አራሚው ከጸሐፊው ምን ያህል ይራቅ? ጽሑፉ ካለቀ በኋላ ይምጣ ወይስ ቃሉ ገና ሲወጣ ከጎን ይቀመጥ? ጥያቄውን በዘመናችን አጥብቀው ያነሡት የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች ናቸው። ጎጃም ግን ከእነርሱ አስቀድሞ የራሱ መልስ ነበረው።

ከመራዊ ተነሥቶ በዳንግላና በእንጅባራ በኩል ቡሬን አልፎ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚዘልቀው መንገድ ማንኩሳን ያገኛል። የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ይህን ስም ሲሰማ ሐዲስ ዓለማየሁን ያስታውሳል፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ታሪኩን የሚጀምረው ከዚያ ነውና። የልቦለዱ በዛብህ የቅኔ ሰው ነው፤ ደራሲው ራሳቸውም በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረዋል። እነዚህ ጉባኤ ቤቶች ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር ሆነው ጎጃምን የቅኔ አገር አሰኝተውታል።

የቅኔ ቤት ሥርዓት የታወቀ ነው። ተማሪው ከሰው ራቅ ብሎ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ በልቡ ያወጣል፣ ያወርዳል። ቆጥሮ ሲጨርስ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ ይህም «ነገራ» ይባላል። መምህሩ የሚያዳምጡት በቃል ነው፤ ብራናም ቀለምም የለም። ቤቱ ካልመታ፣ አገባቡ ካልተስማማ፣ ሰሙና ወርቁ ካልተገናኘ እዚያው ያርሙታል። ጀማሪው በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይነሣል፤ ስምንት ቤት ካለው መወድስ እስኪደርስ በየደረጃው እየታረመ ይወጣል። ስሕተቱ ሥር ሳይሰድ፣ ገና ከአፍ ሳይርቅ ይነቀላል።

የብራና ጸሐፊው አሠራር ደግሞ ሌላ ነው። አንድም ፊደል ሳይጽፍ ብራናውን በወስፌ ወግቶ መስመር ያሰምራል፤ የዓምዱንና የኅዳጉን ስፋት ይለካል። የአምላክንና የእመቤታችንን ስም በቀይ ቀለም ይጽፋል፤ አንባቢው ገጹን ገልጦ ሲያይ ቀይና ጥቁሩ አስቀድሞ ይመራዋል። የቃሉ እርማት ግን የሚመጣው ኋላ ነው። የተሳሳተው ፊደል በስለት ይፋቃል፤ የተዘለለው ቃል ከመስመሮቹ መካከል ይገባል፤ የማይፈለገው ከላይና ከታች በአጫጭር ጭረት ይከበባል። እንግዲህ የገጹ መልክ ከጽሕፈቱ በፊት፣ ቃሉ ከጽሕፈቱ በኋላ ይጠበቅ ነበር።

የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊዎችም መጀመሪያ የሄዱት በዚሁ በኋለኛው መንገድ ነው። በአሜሪካው ቤል ላብስ ይሠራ የነበረው ስቲቨን ጆንሰን በ1978 እ.ኤ.አ. «ሊንት» የተባለ ፕሮግራም አስተዋወቀ። ሊንት ማለት ልብስ ላይ ተጣብቆ የሚለቀም የጥጥ ብናኝ ነው። ሥራውም እንደ ስሙ ነበር፦ በ«ሲ» ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም ያነባል፤ ኮምፒውተሩ ሳይቃወም ቢቀበለውም እንኳ የሚያጠራጥረውን ይለቅማል። ስም ወጥቶለት ያልተሠራበት ነገር፣ ፈጽሞ የማይደረስበት መስመር፣ ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው ሲዛወር የሚሰበር አጻጻፍ ሁሉ በእርሱ ዘንድ ጉድፍ ነው። ከእርሱ በኋላ የመጡት መርማሪዎች ወደ መልክም ተሻገሩ፤ የክፍት ቦታውን ልክ፣ የመስመሩን ርዝመት፣ የስም አወጣጡን ሥርዓት መመልከት ጀመሩ።

ይሁን እንጂ አራሚው ሩቅ ነበር። ጸሐፊው ጽፎ ያስቀምጣል፤ ከጽሑፍ ማዘጋጃው ይወጣል፤ አራሚውን ይጠራል፤ የስሕተቱን መስመር ቁጥር ይዞ ወደ ጽሑፉ ይመለሳል። ርቀቱ ቀስ በቀስ እየጠበበ ሄደ። «ኢማክስ» የተባለው ኤዲተር የአራሚውን ዝርዝር ተቀብሎ ጸሐፊውን በቀጥታ ወደ ተሳሳተው መስመር ያደርሰው ጀመር። በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው የማይክሮሶፍት ዎርድ ቃሉ እየተጻፈ ሳለ በቀይ ሞገደኛ መስመር ሲያሰምርበት ደግሞ ነገሩን ተራው ሰው ሁሉ አየው። በ2016 እ.ኤ.አ. ማይክሮሶፍት ከሬድ ሃትና ከኮደንቪ ጋር ሆኖ ኤዲተሮችና አራሚዎች የሚነጋገሩበትን የጋራ ደንብ አወጣ። ከዚያ በፊት አምስት ኤዲተሮችን ከዐሥር የፕሮግራም ቋንቋዎች ጋር ለማገናኘት ኀምሳ ድልድይ መሥራት ያሻ ነበር፤ በጋራው ደንብ ዐሥራ አምስት ይበቃል። በዚህ ሁኔታ አራሚው ከጸሐፊው ጎን ተቀመጠ፤ ነገራው እንደገና ፊት ለፊት ሆነ።

ነገር ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ፤ የመጣጥፋችን ፍሬ ነገርም እርሱ ነው። አራሚ ሕግን ያስከብራል እንጂ ሕግን አይወልድም። የ«ፓይተን» ቋንቋ ሰዎች የአጻጻፍ ደንባቸውን የጻፉት በ2001 እ.ኤ.አ. ነው። ጊዶ ቫን ሮሰምና ባሪ ዋርሶ ያዘጋጁት ይህ ደንብ ገብ ብሎ የሚጀምር መስመር በአራት ክፍት ቦታ እንዲገባ፣ የአንድ መስመር ርዝመት ከ79 ምልክት እንዳያልፍ ይላል። ደንቡን የሚያስጠብቀው ፕሮግራም የመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው «ጎ» የተባለው ቋንቋ ደግሞ አንድ መልክ ብቻ የሚያውቅ አስተካካይ ይዞ ወጣ፤ ክርክሩን በዚያው ዘጋው።

ወደ አማርኛችን ስንመለስ ክርክሩ አልተዘጋም። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። የመጀመሪያው ፊደል ጸ ወይም ፀ ሊሆን ይችላል። መካከለኛው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ተብሎ ቢጻፍ ድምፁ አይለወጥም። ሁለት በስድስት ሲባዛ ለአንዲት ፀሐይ ዐሥራ ሁለት መልክ ይወጣል። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌና ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ እያንዳንዱ ቃል የግእዝ ሥሩን ተከትሎ እንዲጻፍ ታግለዋል። በ1962 ዓ.ም. የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ መጽሐፍ ገና በርእሱ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ብሎ አቋሙን ያስታውቃል። በ1964 ዓ.ም. የተቋቋመውና ኋላ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የተባለው ተቋም በአንጻሩ ሞክሼ ፊደላት እንዲቀነሱ ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ ሁሉ የሚገዛለት ሕግ ሳይሆን ቀረ። ሁለቱም ወገኖች ደንብ ነበራቸው፤ የታጣው የጋራው ስምምነት ነው።

ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው። በግእዝ ሠረቀ ማለት ወጣ፣ ፈነጠቀ ማለት ነው፤ ሰረቀ ግን የሌባ ሥራ ነው። ሠዐለ ሥዕል ይሥላል፤ ሰአለ ይለምናል። የቅኔ መምህር ይህን ቢያደባልቁ ምሥጢሩ ይፈርስባቸዋል። በሌላ በኩል «ፀሐይ» ብሎ የፈለገ አንባቢ «ጸሀይ» ተብሎ የተጻፈውን ግጥም ኮምፒውተሩ ላያገኝለት ይችላል፤ ጽሑፉ ተጽፎም እንዳልተጻፈ ይሆናል። ስለዚህም ቋንቋውን በኮምፒውተር የሚያጠኑ ብዙ ተመራማሪዎች ሞክሼዎቹን አስቀድመው ወደ አንድ ይጨፈልቋቸዋል።

ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ ውስጥ ቦታ ሲያገኝ ከማሽን ወደ ማሽን ሳይበላሽ መሄድ ቻለ። የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲው ማይክል ጋሰር የሠራው «ሆርንሞርፎ» ደግሞ የአማርኛን ግስ ወደ ሥሩና ወደ ቅጥያዎቹ ይተነትናል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ከአንድ ግስ እጅግ ብዙ ቃል ስለሚወለድ የቃላት ዝርዝር ብቻ ይዞ አማርኛን ማረም አይቻልምና። ሆኖም ከዐሥራ ሁለቱ ፀሐዮች የትኛዋ ትክክል እንደሆነች ማሽኑ ከራሱ አመንጭቶ ሊነግረን አይችልም።

ታላቁ ስምምነት እስኪመጣ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ግን አያስፈልግም። ያው የፓይተን ደንብ አንድ ጥበብ የተሞላበት ምክር አለው፦ ከአጠቃላዩ ሕግ ጋር መስማማት መልካም ነው፤ በአንድ ሥራ ውስጥ መስማማት ይበልጣል፤ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ መስማማት ከሁሉ ይበልጣል። ይህን ለመፈጸም አዋጅ አያሻም። በመጀመሪያው ገጽ «ፀሐይ» ያለ ጸሐፊ በሦስተኛው ገጽ «ጸሀይ» እንዳይል ከጎኑ ተቀምጦ የሚያስታውስ አራሚ መሥራት ይቻላል፤ ሕጉን ጸሐፊው ይመርጣል፣ ጥበቃውን ማሽኑ ይወስዳል። በነገራ ጊዜ መምህሩ ተማሪውን በራሳቸው ቅኔ አይተኩትም፤ የጀመረውን ቤት እንዲመታ ያደርጉታል እንጂ።