የኪስ አውሬዎች ወደ መልካሳ ለምን ዘግይተው ደረሱ?

የካቲት 1988 ዓ.ም. አገሩ ሁሉ የሚያወራው ስለ አድዋ መቶኛ ዓመት ነበር። በዓሉ አራት ቀን ሲቀረው፣ የካቲት 19 ማለት ነው፣ ጃፓን ውስጥ መዳፍ ላይ የምታርፍ የጌም ካሴት ለገበያ ወጣች። ፖኬሞን ትባላለች። «ፖኬት ሞንስተር» የሚለውን ጃፓኖቹ እንደልማዳቸው አሳጥረውት ነው፤ የኪስ አውሬ እንደማለት። («ጭራቅ» ብዬ እንዳልተረጉመው የኛ ጭራቅ ሰው በላ ነው፤ ኪስ ውስጥ አይገባም።)

ይህን ያነሳሁት ሰሞኑን ከቀድሞ ተማሪዎቼ ጋር ስንጫወት አንዱ፣ አሁን የልጅ አባት ነው፣ «ቲቸር፣ እኛ ልጅ ሳለን ፕሌይስቴሽን ቤት ያለው ኳስ ብቻ ነበር። አሁን ልጄ ስልክ ላይ አውሬ ሲያዋልድ ይውላል። ይሄ ነገር እስከዛሬ የት ነበር?» ስላለኝ ነው። ጥያቄው ቆንጆ ነው። መልሱ ግን ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ዓ.ም. ካላልኩ በቀር የፈረንጅ ናቸው።

ከጌሙ በፊት ልጁን እንወቀው። ሳቶሺ ታጂሪ የተወለደው በ1965 ነው፤ ያደገው ማቺዳ በምትባል የቶኪዮ ዳርቻ ነው። ያኔ ማቺዳ ሜዳ፣ ኩሬና ጫካ የነበራት ቦታ ናት። ልጁ የነፍሳት እብድ ነበር፤ እኩዮቹ «ዶክተር» እያሉ ይቀልዱበት ነበር፤ የትል ዶክተር ማለታቸው ነው። ሌሎቹ ልጆች ጢንዚዛ ለመያዝ የዛፍ ልጥ ላይ ማር ይቀባሉ። እሱ ግን ጢንዚዛ ቀን ቀን ድንጋይ ሥር መተኛት እንደሚወድ አስተውሎ፣ ዛፍ ሥር ድንጋይ አስቀምጦ ይሄዳል፤ ጠዋት መጥቶ ድንጋዩን ያነሳል። በቃ! ባዮሎጂ ማለት ይሄ ነው፤ ስንቴ ነግሬያችኋለሁ።

ከዚያ ከተማው መጣ። ሜዳው አስፋልት ሆነ፤ ዓሣ የሚጠመድበት ኩሬ ተደፍኖ የጌም አዳራሽ ተሠራበት። ታጂሪ ራሱ በኋላ የተናገረው ነው። ልጁም ጢንዚዛው ስለሄደበት ወደ አዳራሹ ገባ። በ1983 «ጌም ፍሪክ» የሚል በእጁ የተጻፈ መጽሔት እያባዛ መሸጥ ጀመረ፤ ኬን ሱጊሞሪ የሚባል ሠዓሊ ወጣት መጽሔቱን አይቶ ተቀላቀለው። በ1989 መጽሔቱ ኩባንያ ሆነ።

እዚህ ላይ ሌላ ታሪክ ይገባል። በ1986 ዩጂ ሆሪ የተባለ ሰው «ድራገን ኩዌስት» የሚባል ጌም አወጣ። ሥዕሉን የሣለው አኪራ ቶሪያማ ነው፤ የድራገን ቦል ሠዓሊ፣ በ2024 ያረፈው። ልጆቹ «አርፒጂ» የሚሉት ዓይነት ጌም ነው፦ በችኮላ መተኮስ የለም፤ አንድ ሰው ሆነህ አገር ለአገር ትዞራለህ፣ ከሰው ጋር ታወራለህ፣ ታነባለህ፣ አውሬ ትገጥማለህ፣ ቀስ በቀስ ትጠነክራለህ። ሁለተኛው ክፍል ሲወጣ ታጂሪና ሱጊሞሪ ሁለቱም እየተጫወቱት ነበር። ውስጡ በስንት አንዴ የምትገኝ ባርኔጣ አለች። ሱጊሞሪ ሁለት አገኘ፤ ታጂሪ ምንም። «አንዷን ስጠኝ» እንዳይለው መንገድ የለም፤ የአንዱ ጌም ከሌላው ጋር አይነጋገርም። ብይና ቆርኪ ስንለዋወጥ ላደግን ሰዎች ይሄ ቁጭት በደንብ ይገባናል።

ጌምቦይ የምትባለው የእጅ መጫወቻ ሚያዝያ 13 ቀን 1981 ዓ.ም. ስትወጣ ከጎኗ የገመድ መሰኪያ ነበራት፤ ሁለት ልጆች ተገናኝተው እንዲፎካከሩበት። ታጂሪ ያንን ገመድ ሲያይ የታየው ነፍሳት ከአንዱ መጫወቻ ወደ ሌላው ሲድሁበት ነው። ፖኬሞን የተወለደው ከዚች ሐሳብ ነው። ሥራው ስድስት ዓመት ፈጀ፤ መሐል ላይ ገንዘብ አጥሮ ሠራተኛ ለቋል። ሽጌሩ ሚያሞቶ የተባለው የኒንቴንዶ ሰው ጌሙ በሁለት ቀለም፣ ቀይና አረንጓዴ ሆኖ እንዲወጣና አንዳንዱ አውሬ በአንደኛው ብቻ እንዲገኝ መከረ። እንግዲህ ሁሉንም መሰብሰብ የፈለገ ልጅ የግድ ጓደኛ ያስፈልገዋል። አንደኛዋን አውሬ ደግሞ ከፕሮግራመሮቹ አንዱ፣ ሞሪሞቶ፣ በመጨረሻው ሰዓት በተረፈች ሽራፊ ቦታ ላይ በምሥጢር ወሸቃት። በኋላ አንድ የልጆች መጽሔት ይህችን አውሬ ለ20 ዕድለኞች እንሰጣለን ሲል ያመለከተው ልጅ ወደ 78,000 ደረሰ።

ይህን ሁሉ የተሸከመችው ጌምቦይ በዘመኑ ሚዛን እንኳ ኋላቀር ነበረች። ሠሪዋ ጉንፔይ ዮኮይ ሆን ብሎ ነው፦ ቀለም የለም፣ አራት ዓይነት ግራጫ ብቻ፤ በአራት ትንንሽ ባትሪ ድንጋይ ትሠራለች። የረከሰና የታወቀ ዕቃ ወስደህ አዲስ ነገር ሥራበት ባይ ነበር። ቀለም ያላቸው ተፎካካሪዎቿ ባትሪ እየጠጡ ጠፉ፤ እሷ ኖረች።

አሁን ወደ ማዋለዱ ልምጣ፤ ለመልካሳ ሰው ትልቁ ወሬ ይሄኛው ነው።

አውሬን ጓደኛ ማድረግ የታጂሪ ፈጠራ ብቻ አይደለም። በ1992 የወጣው አምስተኛው ድራገን ኩዌስት ላይ የተሸነፈ አውሬ አንዳንዴ ተነስቶ ልከተልህ ይላል። ፖኬሞን አገር ሲያናውጥ ባለቤቶቹ ይህን አስታወሱና መስከረም 15 ቀን 1991 ዓ.ም.፣ መስቀል ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ለጌምቦይ «ድራገን ኩዌስት ሞንስተርስ» የሚለውን አወጡ። ቴሪ የሚባል ትንሽ ልጅ እህቱ ትወሰድበታለች፤ ፍለጋ ይወጣል። ራሱ አይዋጋም፤ አውሬዎቹ ናቸው የሚዋጉለት። እንዴት ያላምዳቸዋል? ሥጋ እየወረወረ። ሐረር ሄዳችሁ ማታ ማታ ጅብ በስሙ እየጠራ ሥጋ የሚያበላውን ሰው ያያችሁ፣ ነገሩ እንግዳ አይሆንባችሁም።

ከላመዱ በኋላ ወንድና ሴት ታጣምራለህ፤ እንቁላል ይገኛል፤ ልጁ የአባቱንም የእናቱንም ችሎታ ይወርሳል። ደካማ ከደካማ አጣምረህ በሦስተኛው ትውልድ ማንም የማይችለው ልታገኝ ትችላለህ። ዋጋ ግን አለው፦ ወላጆቹ ይሄዳሉ። ስንት ቀን አብረውህ የተንከራተቱት ሁለቱ ተሰናብተው ይወጣሉ፤ አንተ ጋ የሚቀረው ከዜሮ የሚጀምር ጨቅላ ነው። በዚህ ሰዓት ያለቀሱ ልጆች እንዳሉ አልጠራጠርም።

መልካሳ ያደጋችሁ እዚህ ጋ ፈገግ ማለት አለባችሁ። አዋሽ ዳር ያለው የእርሻ ምርምር ማዕከላችን ከ1969 ጀምሮ የሚሠራው ይሄንኑ አይደል? ቦሎቄን አስቡ። የቦሎቄ አበባ ራሱን በራሱ ያዳቅላል፤ ስለዚህ አዳቃዩ አበባው ሳይፈነዳ በመቆንጠጫ ይከፍተዋል፣ የወንዴውን ክፍል ይለቅማል፣ ከሌላ ዝርያ ያመጣውን ብናኝ ይነካበታል። የሚገኘውን ዘር ይዘራል። ከዚያ ትውልድ በትውልድ መምረጥ ነው፤ ይሄ ድርቅ ቻለ፣ ያኛው በበሽታ ተመታ እያሉ። ከዚያ ሌላ ቦታ ወስዶ መሞከር። ከማዳቀሉ እስከ ገበሬው እጅ አሥር ዓመት ገደማ ይፈጃል፤ ጌሙ ላይ አምስት ደቂቃ አይሞላም። ስሞቹን ደግሞ ስሙልኝ፦ ከቦሎቄ አዋሽ አንድና አዋሽ መልካ፣ ከቲማቲም መልካሾላና መልካሳልሳ። መልካሳልሳ ተነስታ ብትዋጋ ማን ይገረማል! ልዩነቱ እኛ ጋ ወላጆቹ ተሰናብተው አይሄዱም፤ ዘራቸው ይቀመጣል። አዲስ አበባ ያለው የዘር ባንክ በ1976 የተቋቋመው ለዚህ ነው።

እሺ፣ ታዲያ ለምን አልደረሰንም?

መጀመሪያ ዋጋው። ጌምቦይ አሜሪካ ስትገባ 89 ዶላር ከ99 ሳንቲም ነበረች። ብር ያኔ ለአንድ ዶላር 2 ብር ከ07 ሳንቲም ነው፤ 186 ብር ገደማ መሆኑ ነው፣ ያውም ዶላሩ ከተገኘ። ለኛ የደረሰችው ዘመድ ያመጣት ወይም መርካቶ የተገኘች ያቺ ቻይና ሠራሽ ጡብ ደርዳሪ ናት። ላይዋ ላይ «9999 ጌም» ይላል፤ ስትከፍቷት ያው አንዱ ቴትሪስ ነው፣ ሩሲያዊው ፓጂትኖቭ በሰማንያዎቹ የፈጠረው። እሱም ቢሆን ተራ ተጠብቆ ነበር የሚነካው።

ዋናው ምክንያት ግን ገንዘብ አይመስለኝም። ፕሌይስቴሽን ቤት እኮ ነበር። አዳማም፣ መልካሳም፣ ሞጆም ነበር፤ ከጆተኒ ጎን ሁለት ቴሌቪዥን ተደርድሮ። እዚያ የነገሠው ዊኒንግ ኢለቨን ነው፣ ኳስ። ለምን? ክፍያው በጨዋታ ነዋ። አንድ ጨዋታ አሥር ደቂቃ፣ ተሸናፊ ይከፍላል፣ ቀጣይ ይገባል። አርፒጂ ግን ለመጨረስ ሠላሳ አርባ ሰዓት ይፈልጋል፣ ያውም ለአንድ ልጅ። ማን ይከፍላል? ማን ቆሞ ያያል? የደረስክበትን የምታስቀምጥበት ሜሞሪ ካርድ ደግሞ የባለቤቱ ነው፤ ነገ ስትመጣ ሌላው ልጅ ፍቆበታል። መብራትም አለ። አዋሽ ሁለትና አዋሽ ሦስት እዚሁ ደጃችን ኃይል ያመነጫሉ፤ መብራት መጥፋቱ ግን አልቀረልንም። ኳስ 3 ለ 2 ላይ ቢቋረጥ ተሳስቀህ ትወጣለህ። የአምስት ሰዓት ጉዞ ቢጠፋብህ ግን ሁለተኛ አትሞክርም።

ስለዚህ ይህ ዓይነቱ ጌም የሚፈልገው ሀብታም አገር ብቻ ሳይሆን የግል ዕቃ ያለው ልጅ ነው፦ የራሱ መጫወቻ፣ የራሱ ካሴት፣ ማንም የማይነካበት የራሱ ማስታወሻ። የኛ ጨዋታ የጋራ ነበር። ብይውም፣ ገበጣውም፣ ጆተኒውም። ኳሱ የገባው ለዚያ ልማድ ስለተመቸ ነው።

በሩን የከፈተው ስልክ ነው። አንድሮይድ ስልክ ሲበዛ የድሮውን ጌምቦይ ስልክ ላይ የሚያስነሳ ኤሙሌተር የሚባል ፕሮግራም መጣ፤ ጌሙ ከስልክ ወደ ስልክ በሼርኢት ይተላለፋል። (የሕጉን ነገር ተዉት፤ ለሌላ ቀን።) ስልክ የግል ነው። ባትሪ አለው፤ መብራት ቢሄድ አይደነግጥም። ታጂሪ በ1988 ዓ.ም. የሠራው ነገር የሚፈልገውን ዓይነት ልጅ መልካሳ ላይ ያገኘው ሃያ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው።

አንድ ግድግዳ ግን አልፈረሰም፤ ቋንቋው። ፖኬሞንም ድራገን ኩዌስትም በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ወጥተው አያውቁም። ልጁ «ፖይዝን» ምን እንደሆነ የሚያውቀው አውሬው ሲታመምበት ነው። እንግሊዝኛ በዚህ መንገድ የለመዱ ተማሪዎች ነበሩኝ፤ ቃሉን ያውቁታል፣ አነባበቡን ሲሰሙት ይደነግጣሉ። ጃፓኖቹ ግን ለልጆቻቸው ሲሠሩ ያደረጉትን ልብ በሉ። የመጀመሪያው ፖኬሞን ጠቅላላ መጠኑ 512 ኪሎባይት ነው፤ ዛሬ ስልካችሁ የሚያነሳው አንድ ፎቶ ይበልጠዋል። ቦታው ስለማይበቃ ከቻይና የመጣውን ውስብስብ ጽሕፈታቸውን ትተው በካና ብቻ ጻፉት። ካና እንደኛ ፊደል ነው፤ «ካ» አንድ ምልክት፣ «ኪ» አንድ ምልክት። እንግሊዝኛ ሲሆን ቃሉ ስለረዘመ የካሴቱ መጠን በእጥፍ አደገ። ፊደላችን ለዚያች ጠባብ ስክሪን ከላቲን ይልቅ ይመቻት ነበር ማለት ነው። ዩኒኮድ ውስጥ የገባነው ግን በ1999 ነው፤ ፖኬሞን አሜሪካ ከገባ በዓመቱ።

አሁን እዚሁ የሚሠሩ ልጆች አሉ። ቅኔ ጌምስ የሚባሉት አዲስ አበባ ላይ «ኩኩሉ» የምትል የምትሮጥ ዶሮ ሠርተዋል፤ ገበጣንም ስልክ ላይ አውጥተዋል። ኩኩሉን ወድጃታለሁ። ግን ሩጫ ናት፤ ቃል ብዙ አይፈልግም። እኔ የምጓጓው ልጅ ቁጭ ብሎ የሚያነበው፣ ስም የሚያጠናበት ነው።

ስም ስል፦ ማቺዳ ሜዳዋን አጥታ ነው ፖኬሞን የመጣው። የኛ ዳር ዳሩ ቤት እየተሠራበት ቢሆንም አዋሽ ዳር ገና ሜዳ አለ። ክፍል ውስጥ ግን «ይሄ ምንድን ነው?» ብዬ ነፍሳት ሳሳይ መልሱ ዓመት በዓመት እየጠበበ መጥቶ «ትል ነው» ላይ ደርሷል። ስለዚህ ኮድ የምትጽፉም፣ የምትሥሉም፣ ልጅ የምታሳድጉም፣ ከልጅነታችሁ የምታስታውሷቸውን የመልካሳ ነፍሳት ስም ከታች ጻፉልኝ፤ በአማርኛም በኦሮምኛም። እኔ ልጀምር፦ ጢንዚዛ፣ ምስጥ፣ ተርብ፣ ቢራቢሮ (ቢላቻ)፣ ፌንጣ (ኮሮጲሳ)። የመጀመሪያው ፖኬሞን አውሬዎች 151 ነበሩ። 146 ይቀረናል።